ሞዐ ማዕድ የሺዋስ በእስፓኝ ሥርዓት ስፖርት የሠሩበት ዘመን

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ጥር፣ ሐኪሙ ጨው ከከለከለ በኋላ፣ ሚስታቸው ግን ቅቤ ሳይከለክሉ፣ በሁለቱ ክልከላዎች መካከል በነበረው የጥጋብ ዘመን፣ ወንበር የሚፈራቸው፣ ቀበቶ የማይደፍራቸው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባለ ጡረታ፣ ሞዐ ማዕድ ዘእምነገደ ጡረታ የሺዋስ ገዳሙ፣ በመናገሻቸው በደብረ ማርቆስ ሳሉ የፈጸሙትን ገድል፣ እኔ ጎረቤታቸውና ጸሐፌ ትእዛዛቸው፣ ዜማ ጀምሬ የተውሁት፣ መብላት ግን ያልተውሁት፣ እንዲህ ስል እጽፋለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ የበላሁትንም አልደብቅም።

የዘመቻው መነሻ ይህ ነው። የደም ግፊታቸው ሽቅብ ወጥቶ አልወርድ ቢል፣ ሐኪሙ ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ ዳግመኛ እንዲመጡ፣ እስከዚያም ስፖርት እንዲሠሩ አዘዛቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳንም፣ ታላቅ ወንድማቸውን በዚሁ በሽታ ድንገት የቀበሩ ናቸውና፣ በጓዳው ደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አንተ ሰውዬ ስማ! ሐኪሙ የቀጠረህ ቀን ግፊትህ ካልወረደ፣ ቅቤው ከጓዳዬ ይወጣል፤ ጠላ በደጄ አያልፍም፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለትም የለም። ወንድሜን ቀብሬያለሁ፤ በአንተ አልደግመውም!»

ይህን አዋጅ የሰማ ሁሉ ደነገጠ። እኔም ደነገጥሁ፤ ምሳዬ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቤት ነውና።

የሺዋስ ግን ስፖርት የሚባለውን ነገር አጥብቀው ይጸየፉ ነበር፤ ሽማግሌ ሰው በቁምጣ አስፋልት ለአስፋልት ሲሮጥ ማየት ለአገር ነውር ነው ይሉ ነበርና። ጭንቀታቸውን ያየች ልጃቸው መቅዲ ልታስቃቸው ብላ በስልኳ አንድ ቪዲዮ ከፈተችላቸው። በዚያም አንድ ቀልደኛ፣ የእስፓኝ ሰዎች ስፖርት ይኸው ነው እያለ፣ ምሳቸውን በዘጠኝ ሰዓት እንደሚበሉ፣ በየመሸታ ቤቱ ቆመው ጥቂት ጥቂት እየቀመሱ ወደሚቀጥለው እንደሚሄዱ፣ በልተው ሲያበቁ ከገበታው ሳይነሱ እንደሚያወጉ፣ ካወጉ በኋላ እንደሚተኙ፣ ሲመሽም ቀስ እያሉ እንደሚንሸራሸሩ ይተርክ ነበር። መቅዲ ሳቀች። አባቷ ግን ቀልዱን እንደ ቀኖና ተቀበሉት። ምሳ በዘጠኝ ሰዓት! ይህማ የእኛ የጾም ሰዓት ነው፤ ለካስ እስፓኞች በኳስ ዓለሙን የሚረቱት በእኛው ሥርዓት ነው! ወእምዝ በመንደሩ መካከል ቆመው ይህን አዋጅ ነገሩ፦

«የሰፈሬ ሰው ሆይ! እስከ ዛሬ ስትበላና ስትተኛ ስፖርተኛ መሆንህን ሳታውቀው ኖረሃል፤ ከእንግዲህ እወቀው! በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ዝክር ካለበት ቤት ሁሉ ቆመን አንድ ጉርሻ፣ አንድ ብቻ፣ እየቀመስን እንሄዳለን። የተቀመጠ ከሠራዊቴ የተባረረ ነው!»

በዓሉም ደረሰ። ወለተ ኪዳን ዘመድ ጥየቃ ወደ ቁይ ከተማ ሄደው ነበርና ከልካይ አልነበረም። ሠራዊቱም ተሰለፈ፤ በፊት ሞዐ ማዕድ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ጨብጠው፤ በቀኝ ልብስ ሰፊው ወልደ ሩፋኤል፣ የዚህን ሠራዊት ሱሪ ሁሉ ከወገቡ በየዓመቱ ሲያሰፋ የኖረ ጀግና፤ በግራ እኔ፤ በደጀን ባለባጃጁ አምሳሉ፣ የደከመ ቢኖር ሊያነሣ ኤሊ ኤሊ እያለ። ከቅዳሴ መልስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዳች ሳንቀምስ በመጠበቃችንም፣ ጦርነቱ ሳይጀመር አንጀታችን ተሸንፎ ነበር።

በመጀመሪያው ቤት፣ በወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃፍ፣ የሺዋስ እንደ ዓምድ ቆመው ያችን አንዲት ጉርሻ ጠበቁ። እዚህ ላይ የእስፓኝ ሥርዓት ከጎጃም ሥርዓት ጋር ተፋጠጠ። ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ኧረ በማርያም! ምን አስቀየምንዎት አያ የሺዋስ? ቆሞ የሚበላ በቅሎ ነው፣ ወይ የተጣላ ሰው ነው። ይቀመጡ እንጂ፣ አፈር ስሆን! ደግሞስ አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰሙም? በእመቤቴ ቀን ልናጣላ ነው እንዴ?»

የእስፓኝ ሕግ እዚያው ተሻረ። የሺዋስ ተቀመጡ፤ እኛም የተቀመጠ ይባረራል ያሉት ጌታችን ራሳቸው ቀድመው ተቀምጠዋልና በደስታ ተከተልን። ሁለተኛው ጉርሻ አፋቀረ፤ ከሦስተኛው በኋላ ቁጥር ቀረ። ወደ ሁለተኛው ቤት ስንሻገር፣ አጥሩ አንድ ነውና የተራመድነው ጥቂት ነው፣ በጥሩነሽ ቤት መቀመጣችን ቀድሞን ተሰምቶ ኖሮ፣ የእኛ ቤት ከማን አንሶ ተብለን ዳግመኛ ተማረክን። በሦስተኛው ቤት ሞዐ ማዕድ መደቡ ላይ ጋደም አሉ፤ ማንኮራፋታቸውም በጠላው ጋን አስተጋባ። ከሥርዓቱ ሁሉ ይህን ክፍል ብቻ ያለ አንዳች እንከን ፈጸሙት። የምሽቱን ሽርሽር የሠራው ባጃጁ ነው።

ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ እኔም ባልና ሚስቱን ተከትዬ ገባሁ፤ የግፊት መለኪያው ክንዳቸውን ጨበጠ፣ ተነፋ፣ ተነፈሰ። ሐኪሙ አልሳቀም። «አባቴ፣ ከበፊቱም ብሶበታል። እንዲህ ከቀጠሉ አንድ ቀን እጅዎም አንደበትዎም እምቢ ይልዎታል» ብሎ ፈረደ። የሺዋስ የእስፓኝን ነገር ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን ወለተ ኪዳን ድምፅ ሳያሰሙ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አዩና፣ ሐኪሙ እምቢ ይላል ያለውን እጃቸውን ያሹ ጀመር። ስንት ዘመን የማውቃቸውን ሰውዬ ያን ቀን ፈርተው አየኋቸው። እኔም አፈርሁ፤ በዝክሩ ቀን በየቤቱ ሳጎርሳቸው ውዬ ነበርና።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ውርጩ ሣሩን እንደያዘ፣ ባልና ሚስት ወደ ሉማሜ በሚወስደው አስፋልት ዳር ወጡ። በአገራችን ልማድ ባል ከፊት ሚስት ከኋላ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ቀን ግን ወለተ ኪዳን ከፊት መሩ፣ ሞዐ ማዕድ ከኋላ ተከተሉ። በአቀበቱ እኩሌታ ላይ የሺዋስ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብለው «እዚሁ ቅበሩኝ!» ሲሉ የመጨረሻ አዋጃቸውን አወጁ። ወለተ ኪዳንም ተመልሰው እጃቸውን ዘረጉና እንዲህ አሉ፦

«ተነስ! አንተን ቀብሬ ንፍሮ የምቀቅልበት ጉልበት የለኝም። ያለችኝ ጉልበት ለዚች መንገድ ብቻ ናት።»

ተነሡም።

እንግዲህ ከሦስት ቤት ዝክር በሕይወት ለወጡ፣ ቅቤ የሌለበትን ጎመን ፊት ለፊት ለተጋፈጡ፣ በእግራቸው አስፋልት ለደፈሩ ለየሺዋስ ገዳሙ ውዳሴ ይገባቸዋል፤ ወንድማቸውን ለሞት ሰጥተው ባላቸውን ለሞት እምቢ ላሉት ለወለተ ኪዳን ግን ውዳሴው እጥፍ ይሁን። ከዚህ የሚበልጥ ድል የተጻፈበት ዜና መዋዕል ያለው ያምጣና ያሳየኝ፤ እነሆ ሞዐ ማዕድ እያለከለኩም፣ እየተነጫነጩም፣ ቅቤ ቅቤ እያሉም ቢሆን፣ ዛሬም ከሚስታቸው ኋላ አሉ።