መቀነት ያሰረች በግ

ዘንድሮ በግ የሚገዛ ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ላት ላይ ነው። ቢቸና ገበያ ውጡና እዩ፤ ላቱን ጨበጥ፣ ወገቡን ጫን ያደርግና ዋጋ ይጠይቃል። ጸጉሩን የሚዳስስ የለም። ለነገሩ ማን ይፈርድበታል? ነብር የታተመበት ብርድ ልብስ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ የበግ ጸጉር ምን ያደርግለታል? እኔ ግን ያደግሁት ከበግ ጸጉር በተሠራ ባና ተጠቅልዬ ነው። ባና ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ዝናብ ሲነካው እንደ በጉ እንደራሱ ይሸታል። እንደሱ ያለ ሙቀት ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ይህን ያነሳሁት የጎረቤቴን የእትዬ ጥሩዬን በግ ላጫውታችሁ ብዬ ነው። እኔ የሰው ነገር አላወራም፤ በግ ደግሞ ሰው አይደለችም።

እትዬ ጥሩዬ ውርጭ ከማይለየው ከጮቄ ሥር ተድራ ስትመጣ እናቷ አንዲት ጥቁር በግ ሰጥታታለች። የዚያ አገር በግ ትንሽ ናት፤ ላቷም ይህ ነው አይባልም። ግን አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሥር የበቀለውን ሣር እየነጨች፣ ብርዱን በጸጉሯ ችላ ትኖራለች። እናት ለሙሽራ ልጇ እንዲህ ያለች በግ ስትሰጥ የራሷን መቀነት በጓ አንገት ላይ ታስራለች። መቀነት ያሰረች በግ አትታረድም። ትሸለታለች፣ ትወልዳለች፣ ዘሯ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የእትዬ ጥሩዬ በግ የዚያችው ዘር ናት፤ የመጨረሻዋ። ሌሎቹን በሽታና ባልየው ተጋግዘው ጨረሷቸው።

ልጇ ስመኝ ሞጣ ስታገባ፣ እትዬ ጥሩዬ ሠርጉ ከተቆረጠ ቀን ጀምሮ መቀነቷን በጓ ላይ አጥብቃ አሰረች። የቅልቅሉ ዕለት በጓን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጭና እኛን አስከትላ ሄደች። ስመኝ ከሚዜዎቿ ጋር ልትቀበለን ወጣች። በጓን አየች፤ ያደፈውን መቀነት አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። እናቷ ከአዲሶቹ ዘመዶች ጋር ስትሳሳም፣ ስመኝ መቀነቱን ፈታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባላገር እንዳይሏት ነው። መቀነቱ ምን እንደሚል የነገራት ያለ አይመስለኝም። እኔ አፌን ስከፍት፣ ግቡ ግቡ ብለው ገፍተው አስገቡን።

የሙሽራ እናት ከክብር ቦታዋ አትነሳም። እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ክብር የለብኝም፤ ወጡ እንዴት እንደሆነ ልይ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። በጓ እግሯ ታስሮ ተጋድማለች። የሙሽራው አጎት ቢላዋ ይስላል። ተው፣ ይች ለርቢ የመጣች ናት ስለው፣ ሥጋም ላትም የሌላት ምኗ ሊረባ ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ያን ጊዜ የሙሽራው እናት እማማ ዘውድነሽ መጡ። ሊይዙለት ጎንበስ ሲሉ እጃቸው ጸጉሩ ውስጥ ሰመጠ። አላወጡትም። ከዚያ አንገቷን ዙሪያውን ዳበሱ፤ መቀነቱ የነበረበት ጸጉር ተጨፍልቆ ቀለበት ሠርቷል።

«ይች በግ መቀነት ነበራት» አሉ። «ማነው የፈታባት?»

በሠርጓ ማግስት ሙሽራ አይከሰስም። መንገድ ላይ ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልኩ።

እማማ ዘውድነሽ የራሳቸውን መቀነት ከወገባቸው ፈተው በጓ አንገት ላይ አሰሩ። «እናቴ የሰጠችኝን ከተማ ስንገባ ሸጥናት» አሉኝ፣ እግሯን እየፈቱ። «እስካሁን ሲበርደኝ እሷ ናት ትዝ የምትለኝ።» አጎትየው ቢላዋውን ይዞ ዶሮ ፍለጋ ሄደ።

ደንብ ግን ደንብ ነው። መቀነት ያሰረ አሳዳጊ ነውና በጓ የእማማ ዘውድነሽ ሆነች። እትዬ ጥሩዬ ነገሩን ከነነፋሱ ስትሰማ አለቀሰች፣ መረቀቻቸው፤ ስንመለስ ደግሞ እስከ ቢቸና ድረስ «ቀሙኝ እኮ» እያለች መጣች። ከዚያ ወዲህ ልጄን ልጠይቅ እያለች ሞጣ ትመላለሳለች። ልጅቱ ከሥራ ስትገባ እናቷን የምታገኛት በግ ጋጣ ውስጥ ነው።

ሰሞኑን ስመኝ መጣች። ከሚኒባሱ ስትወርድ ጥቁር ግልገል አቅፋለች፤ የዚያችው በግ ልጅ፣ ሴት። አንገቷ ላይ ያ የእናቷ መቀነት ታስሯል፤ ታጥቦም የቦርሳው እጥፋት አልለቀቀውም። እትዬ ጥሩዬ እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ልጇንም ግልገሏንም አንድ ላይ አቀፈችና ወደ እኔ ዞረች።

«አየሽ» አለችኝ፣ «ነፋሱ አጣጥፎ አስቀምጦልኛል።»

እኔ የሰው ነገር አላወራም ብያችኋለሁ።