አንቀጽ አራት፦ አውራ ጣት

የሰው ልጅ አፍ ከፈታ ጀምሮ ሲሰዳደብ መኖሩን በጥናት የደረሰበት መሥሪያ ቤት በአገራችን አንድ ብቻ ነው። የሚገኘውም ድሬ ዳዋ ነው። ስሙን ለትሕትናው ስል አልጠቅስም።

ሠራተኞችና የሰፈሩ ነዋሪዎች በጋራ የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበረው። በአማርኛ ይጀምሩና ሲናደዱ ወደ ኦሮምኛ፣ ሲብስባቸው ወደ ሶማሊኛ እየተሻገሩ ይዘላለፉ ነበር። ኃላፊው አቶ አብዱሰመድ ሦስት ቀን ሙሉ ሰብስበው ካወያዩ በኋላ የጠቡ መንስኤ ቃላት መሆናቸው ተረጋገጠ። «ሰላማዊና ጨዋ የዲጂታል ተግባቦት መመሪያ» የወጣው ያኔ ነው። ከእንግዲህ ግሩፑ ላይ ኢሞጂ እንጂ ፊደል አይጻፍም። አንቀጽ ሁለት፦ የተጋጠሙ እጆች ማለት አቤቱታዎ ደርሶናል ማለት ነው። አንቀጽ ሦስት፦ ቀይ ልብ ማለት በጀት የለንም ማለት ነው። አንቀጽ አራት፦ አውራ ጣት ማለት ጉዳዩ ተፈጽሟል፣ ፋይሉም ተዘግቷል ማለት ነው።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በሁለት ወር ውስጥ አንድም ስድብ አልተመዘገበም። አንድም ሥራ አልተመዘገበም፤ መመሪያው ስለ ሥራ የሚለው ነገር ስላልነበረ ግን ይህ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም።

ይህን ሰላም የምታውክ አንዲት ሴት አልጠፋችም። ዐስሊ ትባላለች፤ ቀፊራ ገበያ ላይ በርበሬ ትነግዳለች። ቤቷ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ነው። በመካከላቸው የሚያልፈው የጎርፍ ቦይ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኗል። ያላት ንብረት በሙሉ፣ አሥራ አራት ጆንያ በርበሬ፣ ቤቷ ወለል ላይ ተደርድሯል። ድሬ ላይ ደግሞ ፀሐይ እያቃጠለ ጎርፍ ይመጣል፤ ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደንገጎ ተራራ ሲጠቁር አየችና ወደ ቢሮው ሮጠች። የተግባቦት ባለሙያዋ ሃሌሉያ ተቀበለቻት።

«ቦዩ ተደፍኗል፣ ደንገጎ ጠቁሯል። በርበሬዬ ከረጠበ አለቀልኝ ወላሂ» አለች ዐስሊ።

«በአፍ አቤቱታ መቀበል ቀርቷል። ግሩፑ ላይ ላኪ።»

«ምን ብዬ?»

«በኢሞጂ ነዋ።»

«የተደፈነ ቦይ ኢሞጂ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያስ?»

«ያለውን ላኪ።»

ዐስሊ በሩ ላይ ቆማ ቤት፣ ማዕበልና የሚያለቅስ ፊት ላከች። አቶ አብዱሰመድ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አጠኑት።

«ጅቡቲ፣ ባሕሩ ዳር ቤት ፈልጋ አጥታለች» ብለው ተረጎሙ።

«ኧረ አይደለም አቦ» አለች ዐስሊ። «ቤቱ ቤቴ ነው፣ ውሃው ጎርፍ ነው፣ የማለቅሰው እኔ ነኝ።»

በአፍ ማብራሪያ መስጠት መመሪያውን ይጥሳል። ኃላፊው ግን ሩኅሩኅ ሰው ስለሆኑ እንዳልሰሙ ሆነው ሰሟት፤ ቦዩ እንዲጠረግም ለጽዳት ቡድኑ እዚያው ትእዛዝ አስተላለፉ። የመጥረጊያ ኢሞጂ መላክ ይችሉ ነበር። መጥረጊያ ግን የመሥሪያ ቤቱን ክብር አይመጥንም። ስለዚህ ጽዱና አረንጓዴ አካባቢን እንዲያመለክት አንድ ለምለም ቅጠል፣ ከጎኑም ስምንት ሰዓት ላይ የቆመ ሰዓት ላኩ።

ከምሳ በኋላ፣ በስምንት ሰዓት፣ ለምለም ቅጠል ምን ማለት እንደሆነ ድሬ ላይ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር እንግዳ ብቻ ነው። የጽዳት ቡድኑ አስተባባሪ ቦና መልእክቱን ደጋግሞ አየው።

«አለቃ ዛሬ በርጫ ፈቅዷል» ብሎ ለጓደኞቹ አበሰረ።

ዘጠኙም ሠራተኞች ባንዴ አውራ ጣት ላኩ። ትእዛዝ እንዲህ በአንድ ልብ ሲቀበሉ የመጀመሪያቸው ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን አካፋቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ጫታቸውን ይዘው ፍራሽ ላይ ጋደም አሉ። ሃሌሉያም ዘጠኝ አውራ ጣት ቆጥራ በአንቀጽ አራት መሠረት «ቦዩ ተጠርጓል» ብላ ፋይሉን ዘጋች።

ጎርፉ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። እሱ ግሩፑ ውስጥ ስላልነበረ ፋይሉ መዘጋቱን አልሰማም። ከተደፈነው ቦይ ገንፍሎ ግራና ቀኙን ያዘ። ዐስሊ ከጎረቤቶቿ ጋር እየተሯሯጠች ስድስት ጆንያ በመሰላል ጣራ ላይ አወጣች። ስምንቱን ውሃው ወሰደባት። የዓመት ልፋቷ ነበር፤ እዚህ ላይ እኔም መቀለድ አቅቶኛል፣ ተናድጃለሁ። በርበሬው ውሃውን አቅልቶት በመሥሪያ ቤቱ በር ገባ፣ እስከ ጉልበትም ደረሰ።

አቶ አብዱሰመድ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው የሚያቃጥላቸውን እግር እያከኩ ስልካቸውን አወጡ። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ግሩፑ ላይ ፊደል ታየ፦

«ወይዘሮ ዐስሊ፣ ጎርፍ ከቦናል። እባክሽ ጣራሽ ጋ ያለውን መሰላል በመስኮት አቀብይን።»

ዐስሊ ጣራዋ ላይ፣ ከስድስቱ ጆንያ አጠገብ ተቀምጣ አነበበችው። አንድ አውራ ጣት ላከች።

አቶ አብዱሰመድ መስኮቱን እያዩ ጠበቁ። መሰላል አልመጣም። መመሪያው ከወጣ ጀምሮ ማንንም ጠይቀው የማያውቁትን ጻፉ፦

«አውራ ጣት ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

ዐስሊ በፊደል መለሰች፦

«አንቀጽ አራት ነዋ አቦ። ፋይልህ ተዘግቷል።»