ቁጥር ሰባት

ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ማን እንደቀረ የሚመዘግብ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። ለቅሶ ያልደረሰውን ያውቃል፣ ሠርግ ላይ አርፍዶ የገባውን ያውቃል። ጡረታ የሚወጣው ሰውየው ነው እንጂ አመሉ እስከ ዕለተ ሞቱ ሥራ ላይ ነው።

የእኔው ክቡር ዳይሬክተር ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት መርተዋል። አሁን ግዛታቸው ከጤና ጣቢያው ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍልና አሥራ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ሕዝባቸውም እኛ፣ መጠጥ ለመተው በየማክሰኞው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምንሰበሰብ ሰዎች ነን።

እዚያ የሄድኩት ወድጄ አይደለም። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ እህቷ ቤት ስትገባ፣ "ቃልህን ሰምቼ ሰምቼ ጠግቤያለሁ። አሥራ ሁለት ማክሰኞ አንድም ሳትቀር ሂድ፤ ከዚያ እንነጋገራለን" አለችኝ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ክፍል ተሳሳትኩና የልብስ ስፌት ሥልጠና ውስጥ ገባሁ። ብጠይቅ ሊታወቅብኝ ነው ብዬ፣ ከአንድ የስፌት መኪና ኋላ ተቀምጬ ስለ ኪስ አሰፋፍ ሃያ ደቂቃ ተማርኩ። በሩ ተከፈተና ከረባት ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ክፍሉን በዓይናቸው ቃኝተው፣ "ያ የእኔ ነው" አሉ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። በኋላ እንዴት እንዳወቁኝ ስጠይቃቸው፣ "እንደዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ ክር መርፌ ውስጥ አይገባም" አሉኝ።

በማኅበራችን ስም አይጠየቅም፤ ሕጉ ነው። ስም ሳይጠሩ መዋል ደግሞ ለክቡርነታቸው ሞት ነው። ስለዚህ በየወንበሩ ጀርባ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፉ። እኔ ሰባት ሆንኩ። አንድ ቀን ሳላስተውል አራት ላይ ብቀመጥ፣ "ምነው፣ አራት በር ላይ ቆማ ሰባት ቀረ ተብሎ ይጻፍ?" ብለው ስብሰባውን አቁመው አስነሱኝ።

ቁጥር አራት ፀጉር ሠሪ ናት። ለእህቷ ሠርግ ልትቀር ብላ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ የሙሽራዋ ፊርማ ያለበት ወረቀት አምጪ ተባለች። አመጣች። ቁጥር ዘጠኝ፣ ሹፌሩ፣ "ጋሼ፣ ባለፈው ሆዴን አሞኝ ነው" ቢላቸው፣ "ሆድ እዚህ ተቀምጦም ያማል" አሉት። ሲደወልልን የምናነሳውን ስልክ ቁጥር መዝገባቸው ላይ ያስሞሉን በሁለተኛው ሳምንት ነው። እኛ ሆዳችን ያለውን ለመተንፈስ ሄደን፣ እሳቸው በእንባችን መሐል ሰዓታቸውን ያያሉ። ልብ አውልቅ ናቸው። ስንት ጊዜ ጥርሴን ነክሼ እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ዘጠነኛው ማክሰኞ ላይ የምጽፍበት ጋዜጣ አርታኢ ጽሑፌን በሰው ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና፣ "እውነቱን ልንገርህ? ስትጠጣ ትሻል ነበር" አለኝ። ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ እግሬ ወደ ጤና ጣቢያው እንደማይሄድ ገባኝ፤ ወደ ድሮው መጠጥ ቤቴ ወሰደኝና ጥግ ይዤ ደብል አዘዝኩ። አስተናጋጁ "ጠፉ እኮ" እያለ አቀረበልኝ። ብርጭቆውን ያዝኩት። ስለ ባለቤቴ አላሰብኩም ብል ዋሸሁ፤ አስቤ ነው የያዝኩት።

ስልኬ ጮኸ።

"ቁጥር ሰባት" አለ ድምፁ።

ከበስተኋላ የወንበር መጎተትና የሰው ሳል ይሰማል።

"ቁጥር ሰባት።"

"ጋሼ፣ ዛሬ ሥራ ይዞኛል።"

"ሥራህ ሙዚቃ አለው እንዴ?"

"ቀረ ብለው ይጻፉ በቃ።"

"አልጽፍም" አሉ። "ስምንትን ገና አልጠራሁም። ዘጠኝም አሥርም ቁጭ ብለዋል። አንተን ሳልጨርስ አላልፍም።" ሲቀጥሉ የዳይሬክተር ድምፅ አልነበራቸውም። "ስማኝ ልጄ። እኔ ትምህርት ቤቴን ጥዬ ስጠጣ የዋልኩ ቀን፣ የት እንዳለሁ ሁሉም ያውቅ ነበር። አንድ ሰው አልደወለልኝም።"

አንጀቴን በሉኝ። ብርጭቆውን እንደሞላ ትቼ ተነሳሁ። አስተናጋጁ "ምነው፣ አልተስማማዎትም?" አለኝ። ሒሳቡን ከብርጭቆው ጎን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሃያ አምስት ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። ስገባ አሥሩም ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሹፌሩ ብቻ ሰዓት ስለረፈደበት ይነጫነጫል። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አደረጉ።

"ቁጥር ሰባት።"

"አለሁ።"

"ቁጥር ስምንት።"

ሌላ ነገር አልተባለም። ስንወጣ ግን መዝገቡን በትከሻቸው ላይ አጮልቄ አየሁት። ከቁጥሬ ጎን "አርፍዷል፤ ምክንያቱ ታውቋል" ይላል። በተማሪነቴም በጸሐፊነቴም ካገኘሁት ውጤት ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ደወለች።

"ስንት ማክሰኞ ቀረህ?"

"ሁለት።"

"አንድም ቀን አልቀረህም?"

"አልቀረሁም። አንድ ቀን ግን ብርጭቆ ይዤ ነበር፤ ሳልቀምስ አስቀመጥኩት።"

"ይሄን በምን ልመንህ?"

"እኔን አትመኚኝ" አልኳት። "የሚመሰክርልኝ አንድ ልብ አውልቅ ሽማግሌ አለኝ። ብቻ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዳታረፍጂ።"