የትርሲት ፈተና እና የእድሩ ጥሩንባ

ሰው ቤት ስትሄዱ፣ በሩ ላይ ያለው ውሻ ነው ወይስ አሮጊት ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውሻ ከሆነ ደግ፤ በአጥንት ይታለላል። አሮጊት ከሆነች ግን መንገዳችሁን ብትቀጥሉ ይሻላል። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከራሴ አውቄ ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ወደ መጨረሻው ላይ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ ከልጅ ልጄ ከትርሲት ጋር እኖር ነበር። ትርሲት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ትማራለች። ኮምፒውተሩስ ይሁን፤ እሷ የያዘችው ደግሞ የባሰ ነው። ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር በስልክ ሽቦ እንዴት እንደሚነጋገር። እኛ ሰፈር እንኳን ኮምፒውተር፣ ስልክም ያለው ቀበሌው ብቻ ነው። እሱም ቢደወል የሚያነሳው የለም፤ ሁሉም ስብሰባ ነው።

"ለመሆኑ ሲነጋገሩ አይተሻል?" አልኳት አንድ ቀን።

"አላየሁም እማማ፤ በጥቁር ሰሌዳ ነው የምንማረው።"

ጎረቤቴ ጥሩነሽ ሰምታ ሳቀች። ያላዩት ነገር ይጠናል እንዴ፣ አለች። ምን ያስቅሻል አልኳት፤ እኔስ ያላየሁትን ገነት እጾምለት የለም?

ትርሲት ሲደክማት ትምህርቷን ታወጋኛለች። መልእክቱ ተቆራርጦ ነው አሉ የሚላከው። ቁርጥራጩ በየመንገዱ ሄዶ እዚያ ይገጣጠማል። አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላው ይዞራል። "ደርሷል" የሚል መልስ ካልመጣ ላኪው ደግሞ ይልካል። ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ማን ይጠብቃል፣ ለሁሉም ሥርዓት አለው። ጨዋ ናቸው አልኩ። ከቀበሌ ስብሰባ ይሻላሉ።

ታዲያ ይህን ትምህርት ከወደቀች ትባረራለች። ባለፈውም ለጥቂት ነው የተረፈችው። ፈተናው ሰኞ ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት እስከ "መ" ደርሼ ጉልበቴን አሞኝ የቀረሁ ሰው፣ በምን ልርዳት? በበር! እስከ ሰኞ ድረስ ይህን በር የሚያልፍ የለም ብዬ በርጩማዬን ደጃፉ ላይ ተከልኩ። እሷም ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ ገባች።

አርብ ከሰዓት አንድ ጎረምሳ ዳገቱን እያለከለከ መጣ። ሰሎሞን እባላለሁ፣ ከትርሲት ጋር ነው የምማረው አለ።

"ትርሲት አለች እማማ?"

"የለችም፤ ለቅሶ ሄዳለች።"

"መቼ ትመለሳለች?"

"እንደ ሟቹ ዘመድ ብዛት ነው።"

"እንግዲያው አንድ መልእክት ይንገሩልኝ፤ ሰኞ..."

"አዎ፣ ሰኞ ና" አልኩና ዘጋሁበት።

ትንሽ ቆይቶ ጥሩነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"እትዬ ዘነበች፣ አንድ ልጅ ለትርሲት ንገሪልኝ ብሎ..."

"ወንድ ነው?"

"ወንድ ነው።"

ሙቀጫዬን አንስቼ መውቀጥ ጀመርኩ። ባዶውን። ጥሩነሽ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ቃሉ ግን አይደርስም። በመጨረሻ እጇን አወናጭፋ ሄደች። እንዲህ ነው በር መጠበቅ፣ አልኩ በሆዴ።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ልጁ ወደ እንጦጦ በኩል ቀጥ ብሎ ወጣ። እዚያ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ፣ ጋሽ በየነ፣ ቤታቸው ነው። ምን ብሎ እንደለመናቸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ብቻ ጥሩንባው ተነፋ።

እናንተ፣ ጥሩንባ ላይ በር ይዘጋል? ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። እኔም በሬን ወለል አድርጌ ትቼ ሮጥኩ። ማን ሞተብን?

"የእትዬ ዘነበች..." ሲሉ ጋሽ በየነ፣ ጥሩነሽ ደረቷን መታች።

"ኧረ እዚሁ ነኝ" አልኳት።

"...የልጅ ልጅ፣ የትርሲት ፈተና፣ ሰኞ ሰልፍ ስላለ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው! ሰማችሁ ወይ!"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሲያውቅ ባለጉዳይዋ ጥጥ ወትፋ ተቀምጣለች። ገብቼ ጥጡን በእጄ አወጣሁላት። ነገርኳት።

"ማን ነገረሽ?" አለች ደንግጣ።

"እድሩ" አልኳት።

ሰሎሞንን አስገባሁት፤ እስኪመሽ አብረው አጠኑ። እኔ መሃል ተቀመጥኩ።

የእድሩ ዳኛ ያለ ሬሳ ጥሩንባ እንዴት ይነፋል ብለው ተቆጡ። ፈተናው ቢያልፋት እኔ መሞቴ አይቀርም ነበር፤ ጋሽ በየነ ቀደም አድርገው ነፉ እንጂ ምን አጠፉ፣ ብዬ ተከራከርኩላቸው። ሰውየው ሳቁና ተዉት።

ቅዳሜ የወጣውን ጥያቄ ስሙልኝማ። መንገድ ላይ ያለ አንዱ "አላሳልፍም" ቢል መልእክቱ እንዴት ይደርሳል? ትርሲት ሳትስቅ መጻፍ አቅቷት ነበር። ደግሞ ይሞከራል፤ በሌላ በኩል ይዞራል፤ ሁሉም ከተዘጋ ለሁሉም ይለፈፋል አለች። ከክፍሉ አንደኛ ወጣች።

ሌላው ጥሪቱን ሸጦ ልጁን አስተማረ ይባላል። እኔ በር ዘግቼ ነው ያስተማርኩት። ባልዘጋባት ኖሮ መልሱን ከየት ታመጣው ነበር? ሰሎሞን ግን እስከ ዛሬ፣ "እማማ፣ የሮጥኩትስ እኔ አይደለሁም?" ይለኛል።

ሰኞ ና፣ እንነጋገራለን እለዋለሁ።