ሽማግሌ ወደ ዩኒቨርሲቲ

በስዊዘርላንድ ሁሉም ነገር አለ፤ አማላጅ ብቻ የለም። ባቡር ቢያመልጥህ ሾፌሩን የሚለምንልህ፣ ቆሻሻህን ያለ ቀኑ ብታወጣ ከጎረቤት የሚያስታርቅህ፣ ቢሮ ስትገባ «የእገሌ ልጅ ነው፤ እስቲ እዩት» የሚልልህ ሰው አታገኝም። መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ወዲያ ፈገግ ያለች ሴት አለች፤ እሺ ስትልህም እምቢ ስትልህም ፈገግታዋ ያው ነው። ይህን ለመልመድ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ለምጄ ስጨርስ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት። አማላጅ የሌለበት አገር «አማላጅ ሁነኝ» ብሎ የሚያስቸግርህ ሰውም አይኖርበትም ብዬ ነበር።

ተሳስቻለሁ። አገርህን ብትለቅ ሽበትህ አይለቅህም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ለመሆን ጥበብ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖርም ነጭ ፀጉር ይበቃል። የእኔ ራስ ደግሞ ገና በጎልማሳነቴ ነው የነጣው። ጄኔቫ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ፓኪ በሚሉት ሰፈር፣ የአንዲት ትንሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በዚህ ፀጉር የተነሳ ስንት የተኳረፈ አስታርቄያለሁ። የራሴን ትዳር ግን አልቻልኩም፤ እሱን ተዉት።

ባለፈው ሰኔ እንድሪስ ከዙሪክ ደወለልኝ። እንድሪስ የደሴ ሰው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ኦፕፊኮን ይኖራል፤ ክሎተን ከተማ ደግሞ ለተሳፋሪ የሚቀርበውን ምግብ ትሪ ላይ ሲደረድር ይውላል። ሂክማ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ አንድ ያለው አባትማ ሌላውንም አያስተኛም።

«ልጄን ዜሮ አደረጉብኝ!» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂክማ ሁለት ዓመት ነርስነት ተምራለች፤ የተማረችውም ጀርመኖቹ ፋኽሆኽሹለ በሚሉት የመንግሥት የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን ለመጥራት መጀመሪያ ጉሮሮ መጥረግ ስለሚያስፈልግ ሁላችንም «ኮሌጅ» እንለዋለን። ፈረንጆቹ ከዩኒቨርሲቲ አያንስም፣ መንገዱ ነው የተለየው ይላሉ። ይበሉ። የእኛ ሰው ግን አንድ ነገር ከሌላው የማያንስ ከሆነ ለምን ሁለት ስም እንደተሰጠው አይገባውም። «ልጅህ የት ነው የምትማረው?» ሲባል «ኮሌጅ» ብሎ የመለሰ አባት፣ ወዲያው «ለጊዜው» ብሎ ይጨምርበታል።

እንድሪስም ሁለት ዓመት ሙሉ «ለጊዜው» ሲል ከረመ። ከዚያ ልጅቷ ወደ ክፍለ አገሩ፣ እነሱ ካንቶን ወደሚሉት፣ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ነው አለችው። ለዚህ የሚያበቃ ፈተና አለ፤ ፓሰሬል ይሉታል፤ የእግረኛ ድልድይ ማለት ነው። እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ እንዲሉ፣ ሂክማ ተፈትና ተሻገረች። አባትየው ለደሴም ለጅዳም ለሪያድም ደውሎ አበሰረ። ነርስነትን የጀመረ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሐኪም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም። አንድ ምሽት ብቻ እራት ላይ «አባዬ፣ ከአንደኛ ዓመት ነው የምጀምረው» አለችው። ሁለቱ ዓመትስ? አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማም።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ በስልክ።

«ወዴት?»

«ወደ ዩኒቨርሲቲው ነዋ!»

«እንድሪስ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው፤ የሙሽራ ቤት አይደለም።»

«እና እዚያ ያሉት ሰዎች አይደሉም?»

መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ትኬት ይቆርጣል።

ከጄኔቫ ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። መንገድ ላይ፣ አንድ ቦታ ሲደረስ፣ የባቡሩ ድምፅ ማጉያ ፈረንሳይኛውን ወደ ኋላ ትቶ በጀርመንኛ መናገር ይጀምራል። እኔ እዚያች ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አንደበቴ ከኪሴ የወደቀ ይመስለኛል። ስለዚህ ለአስተርጓሚነት የተመደበችው ራሷ ሂክማ ነበረች። የሚማለድላት ልጅ የአማላጆቿ አስተርጓሚ ስትሆን ነገሩ ደግ እንደማይሆን ማወቅ ነበረብን። ግን ሦስት ሽማግሌ አንድ ላይ ሲሆን የሚጨምረው ክብሩ ነው፤ ማስተዋሉ እዚያው ይቆያል።

ከሦስታችን ታላቁ ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ረጋ ያሉ፣ ምርቃታቸው የሚጣፍጥ። ሁለተኛው አቶ ታምራት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እዚያው ዙሪክ አካባቢ ግላት በሚሉት ሰፈር የአውቶቡስ ሾፌር፤ እሱ የመጣው ሰዓት ሊያስከብረን ነው። ሂክማ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጠበቀችን። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ባይሆን ነው ጥሩ። አልዞ... ቢቀር» አለችኝ፤ ስትጨነቅ ጀርመንኛው ይቀድማታል።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ ሐጂ፤ «አንቺ መተርጎም ብቻ ነው።»

ምዝገባ ቢሮ የተቀበለችን ሴት መነጽር ያደረገች፣ ትሁት ሴት ናት። ወንበር አሳየችን። አልተቀመጥንም። እንደምታውቁት ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ቁጭ ካለማ በምን ይለምናል? ውኃ ቀዳችልን፤ አልነካነውም። ሴትዮዋ እኛን አቁማ መቀመጥ ነውር ስለመሰላት እሷም ተነስታ ቆመች። አራት ትልልቅ ሰዎችና አንዲት ልጅ፣ በባዶ ወንበሮች ተከበን እንደ ለቅሶ ደራሽ ተገትረን ቀረን።

ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። የሴትዮዋን ቤት ባረኩ፣ ልጆቿን ባረኩ፣ ካንቶኑን ባረኩ። ልጅ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነች፣ ይህችም ልጅ የእሷም ልጅ መሆኗን፣ የልጅ ሁለት ዓመት ደግሞ ውኃ እንዳልሆነ፣ ስለዚህ የመጣነው እግሯ ላይ ለመውደቅ መሆኑን አስረዱ። ሂክማ ይህን ሁሉ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተረጎመችው። ሐጂ ቅር አላቸው። ሴትዮዋ ግን ግራ በመጋባት ወደ ልጅቷ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሂክማ መለሰች። እንደገና ጠየቀቻት። ሂክማ አቀረቀረች።

«ምን አለች?» አለ ታምራት፣ ሰዓቱን እያየ። ጀርመንኛው ለአውቶቡስ የሚበቃ ነው።

ልጅቷ ልትዋሽ ትችል ነበር። ቋንቋው ያለው በእሷ እጅ ነው፤ «እምቢ አሉ» ብትል ሦስታችንም ኮፍያችንን አንስተን እንወጣ ነበር። አልዋሸችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

«‹ይነገር?› ብላ ፈቃድ ጠይቃኝ ነው፤ እኔ እሺ ካላልኩ ስለ እኔ አትናገርም። አልዞ... ‹እምቢ ያለ ሰው የለም› ነው የምትለው። ‹ተቀብለናታል። ነርስነቱን ትታ ሌላ ትምህርት ነው የመረጠችው፤ ታዲያ ምኑን እንቁጠርላት?› ነው የምትለው።»

ሴትዮዋ ውኃውን እንደገና ወደ እኛ ገፋ አደረገችው፤ ያን ጊዜ ጠጣነው፤ የምንለምነው ነገር አልቀረማ።

ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገረችን። የተግባር ልምምዷን የሠራችው አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ነው። ሰው ሲያቃስት መስማት አልቻለችም፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅሳለች፣ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። በእረፍቷ ቀን ተራራ ትወጣለች። እዚያ ላይ፣ በረዶ አጠገብ፣ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣ አገኘች። ተራራ ላይ ባሕር ምን ይሠራል? ይህን ነው መማር የምትፈልገው፤ የመሬትን ነገር፣ የድንጋይን ነገር።

«ለአባትሽ ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«ልነግረው ስጀምር ‹ዶክተሯ› ይለኛል። እንዴት ልንገረው? እናንተ ንገሩልኝ። ሽማግሌ አይደላችሁ?»

ታምራት ሰዓቱን ማየት ተወ። ሐጂ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ለመሆኑ የወሎ ድንጋይ አንሶ ነው?» አሉ። ቀጥለው፣ ለራሳቸው ይመስል፣ «ግን ደላንታ ኦፓል የሚሉት የከበረ ድንጋይ አለ... የተማረ ሰው ቢያየው ክፉ አይደለም» አሉ። ያኔ ሐጂ ወደ ልጅቷ ወገን መሻገራቸውን አወቅሁ።

ኦፕፊኮን ስንደርስ እንድሪስ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ሳሎን ምግብ ቀርቧል። «ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ ምን አሉ?» አለ በአንድ ትንፋሽ። ገባን። አልተቀመጥንም። ሰውዬው እኛን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፣ ከኋላችን የቆመችውን ልጁን አየ።

«በእኔ ላይ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አለ።

ሐጂ ተናገሩ። በዚህኛው ምንም አላሳጠሩም፤ የሚያሳጥርባቸው አስተርጓሚም አልነበረም። እንድሪስ እስኪጨርሱ ታገሠ። ከዚያ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ልጁ ዞረ። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እኔ ደሴ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ክፍሌ ሲረብሽ ተሰምቶ አያውቅም። እዚህ ስመጣ ዲፕሎማዬን አይተው ‹አይቆጠርም› አሉኝ። ያስተማርኩት ዓመት ሁሉ አይቆጠርም። ትሪ ላይ ሹካ ሳስቀምጥ ኖርኩ። እኔን ያገኘኝ አያገኛትም ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ በራስሽ እጅ... ዜሮ! ማነው ያስገደደሽ?»

«ማንም» አለች ሂክማ። እያለቀሰች ነበር።

«ማንም?»

«ማንም፣ አባዬ። ራሴ ነኝ የፈለግኩት።»

አውሮፕላን ሲያልፍ በዚያ ቤት ወሬ ይቆማል። አለፈ። እኔ የሰው ሐዘን ሲበረታ ግድግዳ የማየት ልማድ አለኝ፤ ግድግዳውን አየሁ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ዓመት ሲስቅ እንጂ ስለ ዲፕሎማው ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«እኔን ከዜሮ ሲያስጀምሩኝ አልጠየቁኝም ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ፈልጎ ከዜሮ የሚጀምር ሰው አይቼ አላውቅም። እስቲ ሂጂ። እንይሽ።» ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሮ፣ «ሐጂ፣ ይቀመጡ እንግዲህ። ምግቡ ቀዘቀዘ» አለ።

ተቀመጥን። ሂክማ ጉልበቱን ልትስም ስትል አልፈቀደላትም፤ ትከሻዋን ይዞ አቅፎ አስቀራት።

መስከረም ላይ ትምህርት ጀመረች፤ ከአንደኛ ዓመት። እንድሪስ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ ሰው ባገኘ ቁጥር ወሬው አንድ ነው፤ ሦስት ሽማግሌ ልኮ እንዳስለመነ፣ ስዊስ እንኳ በአግባቡ ከለመኑት ልቡ እንደሚራራ ያወራል። ባለፈው እኔም ባለሁበት «ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ቢያስቸግርም በኋላ እሺ አለ» ሲል ሐጂ ሰይድ ሳል ያዛቸው፣ ታምራት ወደ ሰዓቱ አቀረቀረ፣ እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። መጀመሪያ አስቸግሮ በኋላ እሺ ያለው ማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።