ቤቱን ለማን ብለን እናሙቀው?

ባልና ሚስት በምን ይጣላሉ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ወሬዬን ከአማትና ከዘመድ አልጀምርላችሁም። እኔ በምኖርበት በስዊድን ክረምት ገብቶ፣ ፀሐይ ብቅ ብላ ሰላምታችንን እንኳ ሳትቀበል ስትመለስ፣ ትዳር የሚፈተነው ሳሎን ግድግዳ ላይ በተለጠፈች መዳፍ በማትሞላ ነጭ ሳጥን ነው። ቴርሞስታት ይሏታል፤ የቤቱን ሙቀት የምታዝዘው እሷ ናት። አንዱ ሲያልፍ ከፍ ያደርጋታል፣ ሌላው ሲያልፍ ዝቅ። ማንም ማንንም አይናገርም። በአደባባይ የማይታወጅ፣ ምርኮኛም የሌለው ጦርነት ነው።

እኔና ባለቤቴ ሰዓዳ የምንኖረው ሄሰልቢ፣ አረንጓዴው የባቡር መስመር የሚያልቅበት ሰፈር፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በምንጋራበት፣ ራድሁስ በሚሉት ቤት ውስጥ ነው። ሰዓዳ ብርድ አትችልም። እኔ አውቶቡስ ሾፌር ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ካፖርት በለበሰ ሕዝብ መሀል ታፍኜ ስለምውል ቤቴ ቀዝቀዝ ሲል ደስ ይለኛል። ከብዙ ግፊያ በኋላ ሃያ አንድ ዲግሪ ላይ ታርቀን በሰላም እንኖር ነበር። ከዚያ አባቷ መጡ።

አባባ እንድሪስ ጡረታ የወጡ የደሴ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የሰዓዳ እናት ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለነበሩ፣ ክረምቱን እንኳ አብረውን ይክረሙ ብለን ለምነን አመጣናቸው። በመጡ ማግስት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፎቅ ወርደው ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ሰዓዳ ክንዴን ቆንጥጣ፣ «በርዷቸዋል!» አለችኝ። ሃያ ሦስት አደረግነው። በነጋታውም በጋቢ ወረዱ። ሃያ አራት። ጋቢው ሲቀጥል ቁጥሩም ቀጠለና ሃያ ስድስት ላይ ደረስን። የመስኮቱ አበባ ጠወለገ። ልጃችን ሐያት፣ አማርኛ እየሰማች በስዊድንኛ የምትመልሰው ጉደኛ፣ ውጭው በረዶ ሆኖ እሷ በባሕር ዳርቻ ልብስ እራት መቅረብ ጀመረች።

ጋራዥ ውስጥ አንዲት ስዊድናዊት ባልደረባዬ፣ «አማትህ ከሞቃት አገር መጥተው ይህ ብርድ እንዴት ይከብዳቸው!» ብትለኝ፣ ጭንቅላቴን በሐዘን ነቀነቅሁ። እኔ! በልጅነቴ ደሴ ላይ ትምህርት ቤት ስሄድ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ ከአፌ የሚወጣውን ጢስ ሲጋራ ነው እያልኩ እየተጫወትኩ ያደግሁት ሰውዬ! ሰው ከአገሩ ብዙ ሲርቅ አገሩን ራሱ ከማስታወስ ይልቅ ሰው የነገረውን ማመን ይቀናዋል መሰለኝ።

አልጠየቃችኋቸውም ወይ እንዳትሉኝ። ጠይቀናል።

«አባባ፣ ቤቱ ተስማማዎት? ሙቀቱ ይበቃል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ምን ጎድሎኝ ልጄ።»

የአዋቂ ሰው መልስ ታውቁታላችሁ፤ ዲግሪ የለውም።

ግን ሰውየው እየከሱ ሄዱ። እህል አይበሉም፣ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ ወሬያቸው አጠረ። በረዶ ሲጥል «ሰው ልይ» ብለው ይወጡና ፌርማታው ላይ ይቆማሉ። አውቶቡስ ይመጣል፣ አይሳፈሩም። ሌላም ይመጣል፣ አይሳፈሩም። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ልጆቼ፣ እንግዲህ ተያይተናል። የመመለሻዬን ቀን ወደዚህ ማቅረብ ከተቻለ ልሂድ» አሉ።

ሰዓዳ ወጥ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውሃ ለቀቀችው። ተከትያት ስገባ የምታጥበው ዕቃ አልነበረም።

«እናቴ ስትሞት አልደረስኩም» አለችኝ። «አሁን ደግሞ አባቴ ቤቴን ጠሉት።»

ቧንቧውን ዘግቼ ትከሻዋን ያዝኳት።

ያ ሳምንት ሳያልቅ፣ ከክረምቱ ቀናት ሁሉ ብርዱ በከፋበት ቀን፣ የቤቱ ማሞቂያ ተበላሸ። ጠጋኙ ብንደውልለት ብንለምነው ከነገ በፊት አልደርስም አለ። ሰዓዳ በቤቱ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ አወጣች። ሳጥኗ ላይ ያለው ቁጥር ቁልቁል ሲወርድ፣ የታመመ ሰው ትንፋሽ እንደሚከታተል አስታማሚ ፊቷ ቆመን ቀረን።

አባባ ግን ተነሡ። ተጣጥበው መጡና «የሚበላ ነገር አለ እንዴ?» አሉ። በሉ፤ ደገሙ። ከዚያ ወሬ ጀመሩ። ገና ሙሽሮች ሳሉ የሰዓዳ እናት የደሴን ጉም ሳይፈሩ በጠዋት መስኮት እየከፈቱ፣ «ቤት ካልተነፈሰ ሰው ያንቃል» እያሉ እንዴት እንዳስመረሯቸው ነገሩን። እኛ ጋ ከመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማናቸው። ሲስቁ ሲስቁ እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ አለ።

ሰዓዳ ደንግጣ ግንባራቸውን ብትዳስሳቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምነው ልጄ?»

«ብርዱ እንዳይጎዳዎት ፈርቼ ነው፣ አባባ።»

«ብርድ?» አሉ ቀና ብለው። «ደሴ ደጋ መሆኗን ረሳሽው? ዕድሜዬን ሙሉ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልኩ የለፈለፍኩት ለማን ኖሯል?»

«ታዲያ ጋቢውስ?» አልኩ እኔ።

ጋቢውን አዩት። ጥለቱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «እናቷ የፈተለችው ነው። ብርድ አይደለም ያስለበሰኝ» አሉ።

ሰዓዳ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ «ታዲያ ሞቀኝ ብለው አይነግሩንም?» አለች።

«ብርድ ላይ ውላችሁ የምትገቡ ልጆች ናችሁ። ወዳችሁት የምታሞቁት መስሎኝ። ሰው ቤት ተጋብዤ እሳታችሁን አጥፉ ልበል?»

ሆድ ይፍጀው የሚሉት ነገር እኛ ቤት ቃል በቃል ሲፈጸም ከርሟል። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ ልናጣው የነበረው አባት ነው። ሰዓዳ እየሳቀች አለቀሰች፤ እሳቸውም በጋቢያቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት።

በማግስቱ ጠጋኙ ማሞቂያውን አስነሥቶ፣ ስንት ላይ ላድርገው ሲል ጠየቀ። እርስ በርስ ተያየን። ሐያት ብቻ ሳታመነታ «አርቶን!» አለች። አሥራ ስምንት ማለቷ እንደሆነ ስንነግራቸው አያቷ መረቋት። ስለ መመለሻው ቀንም ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሱም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ሳጥኗ ሃያ አንድ ብላ ጠበቀችኝ። ሰዓዳን ጠረጠርኳት፤ «ወላሂ አልነካኋትም» አለች። አንድ ማለዳ ለሥራ ስነሣ ግን አባባ ከሱብሒ ሶላት ተነሥተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሳጥኗ ላይ አፍጥጠው ቁጥሩን ከፍ ሲያደርጉ ደረስኩባቸው።

«አባባ?»

«እሽሽ! ሰዓዳ ሁለት ሹራብ ደርባ አየኋት። እንዳትነግራት። እኔ ክፍሌ መስኮት አለልኝ።»

እሺ አልኳቸው። ማታ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ሰዓዳ እዚያው ቆማ ቁጥሩን ዝቅ ስታደርግ አገኘኋት። «ለአባባ ብዬ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «እንዳይሰሙ።»

ለእሷም እሺ አልኳት። ምን ላድርግ? ለብርዱ ሹራቤን አጠለቅሁ፤ ለሙቀቱ መስኮቱን ገርበብ አደረግሁ፤ ተቀመጥኩ።