መቀስ የማይወዱት ዶኛ ኤዱቪና

አጥር ተሻግሮ በሰው አበባ ላይ የሚያዝዝ ጎረቤት የሌለው ሰው በዚህ ዓለም የለም። ካለም ገና ቤት አልተከራየም።

የኔዋ ክብርት ዶኛ ኤዱቪና ናቸው። የከተማችን የቫልዲቪያ ዝናብ ራሱ እሳቸውን ሳያስፈቅድ የሚዘንብ አይመስለኝም። መቀስ ይዤ ወደ እናቴ የአስትሮሜሊያ አበቦች ጠጋ ስል በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።

«አንተ ሁቬናል! አይቆረጥም ስንት ጊዜ ልንገርህ? ዘንጉን ከሥር ይዘህ ምዘዝ! ሲመዘዝላት ነው ሌላ የምታበቅለው።»

«እሺ ዶኛ።»

«እሺ ትላለህ፣ ደግሞ ትቆርጣለህ።»

እውነታቸውን ነው። ሳጠጣ «አሰጠምካት»፣ ሳላጠጣ «በጥም ፈጀሃት»። አንድ አበባ ሻጭ «የፔሩ ሊሊ» ብሎ ሲጠራት ሰምተው፣ «የማን? የኛ የቺሊ ናት!» እያሉ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ አቁመውታል። ሸሚዜ ጥላ ጣለባት ብለውም የልብስ ማስጫ ገመዴን አዛውረውብኛል።

እናቴ በሞተች ዓመት ክረምት ሲገባ አበቦቹ ደርቀው ከመሬት ተደባለቁ። የተከለችው ሁሉ አብሯት የሄደ መሰለኝ። ሥሩን ነቅዬ ከቆሻሻ ጋር ደጅ አወጣሁት። በጸደይ የሰፈሩ አስትሮሜሊያ ሁሉ ብቅ ብቅ ሲል ነው የገባኝ፤ ለካ ሥሩ ተኝቶ ኖሯል! ወይ የኔ ነገር! በቅዱሳን ሁሉ ቀን ሰው ከጓሮው ቀጥፎ መቃብር ሲሄድ፣ እኔ የገበያ አበባ ይዤ እናቴ ፊት አፍሬ ቆምኩ። ዶኛ ኤዱቪና አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።

በዓመቱ፣ በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከኩሽናቸው መስኮት ሥር በገለባ ሸፍነው «እንዳትነካ!» ሲሉኝ የከረሙትን የሸክላ ገንዳ እየጎተቱ አምጥተዋል። ውስጡ ያቺው የእናቴ ብርቱካንማ አበባ ፈክታለች።

«ከቆሻሻህ ውስጥ ነው የለቀምኳት» አሉኝ። «ቦታ ሲቀየርባት ታኮርፋለች፤ ዓመት ሙሉ አኮረፈችኝ። ብነግርህና ብትሞት ሁለተኛ ሐዘን ይሆንብሃል ብዬ ዝም አልኩ።»

እንባዬ መጣ። «ዶኛ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ምን ብዬ…»

«ታለቅሳለህ ወይስ ትመዝዛለህ?»

መዘዝኩ። ሰባት ዘንግ ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ።

ዘንድሮ ግቢዬ በአስትሮሜሊያ ሞልቷል። መቁረጥም ከተውኩ ቆየሁ። ዶኛ ኤዱቪና ግን ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከቤት መውጣት ቀንሰዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መቀሱን አውጥቼ፣ ከመስኮታቸው ትይዩ አጥሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ «አንተ ሁቬናል!» እያሉ ይመጣሉ። ሻይ አፍልቼ ነው የምጠብቃቸው።